«ፓድም ደረሰው» ብለን ያዘንንለት ወንድማችን

 

ሰሞኑን ስልካችን ዕረፍት የለውም። የዲፓርትመንት ምርጫ የሚሞላበት ሳምንት ስለሆነ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ የገቡ የሰፈር ልጆች፣ የዘመድ ልጆች፣ የወዳጅ ታናናሾች ይደውላሉ። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው። «አካውንቲንግ ካልደረሰኝ ምን ይሻለኛል?» «ማኔጅመንት ሥራ አለው ወይ?» ባለፈው ማክሰኞ የደወለልን ልጅ ግን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ፓድም ሊደርሰኝ ነው፤ ትቼ ልምጣ እንዴ?» አለን። ሲያለቅስ የነበረ ሰው ድምፅ ነው። በስልክ ልንመልስለት ሞከርን፤ አልሆነልንም። በጽሑፍ ይሁን ብለን ተቀመጥን። ረዘም ይላል፤ ታገሱን።

እኛ ሦስት ነን። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዶርም የኖርን፣ ሁለታችን ኢኮኖሚክስ፣ አንዳችን ማኔጅመንት የተማርን። አራተኛው የዶርማችን ልጅ ወሎዬ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው። ፈቃዱን ስንጠይቀው «ስሜን ካላነሳችሁ እንደፈለጋችሁ» ብሎናል።

ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ያልገባ ሰው ይህን የዲፓርትመንት ነገር ላያውቀው ይችላል። በእኛ ጊዜ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሁሉም አብሮ ይማር ነበር፣ ከዚያ ውጤት ይለጠፍና ክፍፍል ይመጣ ነበር። ማንም ባይጽፈውም ሁሉም የሚያውቀው ደረጃ ነበር። አካውንቲንግ ላይ ነው፤ «ተመርቀህ በነጋታው ሥራ» ይባልለታል። ኢኮኖሚክስ «አስባለሁ» የሚል ሰው ቦታ ነው፤ እኛ ሁለታችን እንደዚያ ነበርን፣ አላህ ይቅር ይበለን። ማኔጅመንት መሐል ላይ። መጨረሻው ፓድም፣ ማለትም የሕዝብ አስተዳደርና የልማት ሥራ አመራር። «የፓድም ልጅ ተመርቆ ቀበሌ ማኅተም ይመታል» የሚለው ቀልድ እኛም አፍ ላይ ነበር።

ወንድማችን ውጤቱ ከእኛ ብዙም አያንስም ነበር። ኮታ ሞላና ሦስተኛ ምርጫው ላይ ወደቀ። ዝርዝሩ የተለጠፈ ቀን ምንም አላለም፤ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እኛም ዙሪያውን ተቀምጠን «አላህ የተሻለውን ያውቃል» አልነው። ቃሉ እውነት ነው። አባባላችን ግን የፈለገውን ያገኘ ሰው አባባል ነበር። ያንን ድምፅ ዛሬ እናውቀዋለን፤ ለዚያ ለደወለው ልጅ መልስ ስንሰጥ እንደገና ከአፋችን ሲወጣ ሰማነው፣ ስልኩን የዘጋነውም ለዚያ ነው።

በነጋታው ለሱብሒ የቀሰቀሰን እሱ ነው። ሰኞ ደብተሩን ይዞ ክላስ ገባ።

እኛ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ምን እንማር ነበር? ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ፍላጎትና አቅርቦት የሚባሉ ሁለት መስመሮች ሰሌዳው ላይ ይገናኛሉ፤ «ሌሎች ነገሮች ባሉበት ከቆዩ» ይባላል፤ ከዚያ ሌሎች ነገሮች ባሉበት ቆይተው የማያውቁበት አገር ውስጥ ለምሳ እንወጣለን። የአዳም ስሚዝን የመርፌ ፋብሪካ ተማርን፤ 10 ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው በቀን 48,000 መርፌ ይሠራሉ የሚለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1776 የታተመውን። ኢብን ኸልዱን ከእሱ 400 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው ሙቀዲማ፣ አንድ ሰው ብቻውን ስንዴ አብቅሎ መብላት እንደማይችል፣ አንጥረኛ፣ አናጢ፣ በሬ ነጂ፣ አጫጅ እንደሚያስፈልግ መጻፉን ግን ክላስ ውስጥ የነገረን አልነበረም። ከላይብረሪ መደርደሪያ ነው ያገኘነው፤ ሲያምረን ደግሞ በእሱ እንኮራ ነበር። ማኔጅመንት ያለው ወንድማችን የፋዮልን 14 መርሆዎች በቃሉ ይወጣቸዋል።

የፓድሙ ልጅ ደግሞ ማታ ማታ አልጋው ላይ የሚያነበው ስለ ፋይል ነበር። ቀልድ አይደለም። ውሳኔ በጽሑፍ ካልሰፈረ ለምን ውሳኔ እንደማይባል፤ ቅሬታ የሚሰማው አካል ውሳኔውን ከሰጠው አካል ለምን መለየት እንዳለበት፤ የማክስ ዌበር ቢሮክራሲ። «ይህ ትምህርት ነው እንዴ?» እንለው ነበር። ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም።

አሁን ወደ 2009 ዓ.ም. ክረምት እንሂድ።

ከሦስታችን የአንዳችን አባት መርካቶ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው። ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። ቴምር፣ ቅመማ ቅመም፣ የሳምቡሳ ዱቄት፣ ዘይት ይሸጣሉ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ያኔ ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር፤ የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፣ ግብሩ በግምት ይሰላ ነበር። ከ500,000 እስከ 1,000,000 ያለው ደረጃ «ለ» ነበር፤ መዝገብ ይይዝ፣ የሂሳብ ሰው ይቀጥር ነበር። ለአባባ ያቺ የ500,000 ብር መስመር ሱቅ የመያዝና የመዝጋት መስመር ነበረች።

ገማቾቹ ሱቃቸው የመጡት ግንቦት ላይ፣ ረመዷን ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። በመርካቶ እነዚያ ቀናት ምን እንደሚመስሉ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቴምር የሚመዝን እጅ አያርፍም። «ትናንት ስንት ሸጡ?» ብለው ጠየቋቸው። አባባ መዋሸት አያውቁም። «2,100 ብር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ትናንት 2,100 ብር ሸጠዋል። ስለ ታኅሣሥ የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸውም ያልተጠየቁትን አልመለሱም።

ሐምሌ ላይ ግምቱ ወጣ። በቀን 2,100፣ በ300 የሥራ ቀን ሲባዛ 630,000 ብር። ደረጃ «ለ»።

ያ ሐምሌ ለብዙ ቤት እንዴት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። «የቀን ገቢ ግምት» የሚለው ቃል በየታክሲው፣ በየሻይ ቤቱ ነበር። በአዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮችና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው የዋሉባቸው ቀናት ነበሩ። አባባ አልዘጉም፤ ግን ከመግሪብ በኋላ ብዙ ዝም ይሉ ነበር። እኛ ለክረምት እሳቸው ቤት ነበርን። ወሎዬው ወንድማችንም ለተግባር ልምምድ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመድቦ ከእኛ ጋር ያድራል። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ ውሎ አቧራ ለብሶ ይመጣል፣ እኛ እንስቅበታለን።

እኛ ኢኮኖሚስቶቹ ግን ችግሩን ወዲያው አየነው፤ እዚህ ላይ ልክ ነበርን። በዓመት ውስጥ የረመዷንና የዒዱ ግርግር 30 ቀን ያህል ነው። እነዚያን በ2,100 አባዛን፣ 63,000 መጣ። የቀሩት 270 ቀናት በአማካይ 1,000 ብር ቢሸጡ 270,000። ድምሩ 333,000 ብር። ከ630,000 ጋር ሲተያይ ግማሽ ብቻ ነው! ስታቲስቲክስ ላይ የተማርነው ወቅታዊ መዋዠቅ ማለት እኮ ይኸው ነው ብለን ደስ አለን። ሱብሓነላህ፣ የሰው ቤት እየተናጋ እኛ ቀመሩ ስለሠራልን ደስ አለን። ሌሊቱን ቁጭ ብለን አራት ገጽ ጻፍን፤ ግራፍ አለው፣ የተመዘነ አማካይ አለው፣ በመግቢያው የግብር ፍትሐዊነት ንድፈ ሐሳብ አለበት።

ወንድማችን ጠዋት ቁርስ ላይ አነበበው። እስከ መጨረሻው አነበበው፣ ይህን ልንክድ አንችልም። ከዚያ፦

«ይህን የሚያነበው ሰው በቀን ስንት ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ እንደሚደርስ ታውቃላችሁ?» አለን።

አናውቅም።

«ጥያቄያችሁ የቱ ጋ ነው ያለው?»

ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር።

«ማስረጃውስ?»

ማስረጃው ግራፉ ነው አልነው። ሳቀ። ከዚያ ወደ አባባ ዞሮ «አባባ፣ ቴምሩን ከማን ነው የሚያመጡት? በዱቤ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እኛ ይህን ጥያቄ ጠይቀናቸው አናውቅም፤ ልጃቸው ጭምር። አባባ ተነስተው ከሳጥን ውስጥ ሁለት ደብተር አወጡ። አንዱ የጅምላ ነጋዴው የዱቤ ደብተር ነው፤ በየትኛው ወር ስንት ካርቶን ቴምር፣ ስንት ኩንታል ዱቄት እንደወሰዱና መቼ እንደከፈሉ የሁለት ዓመት ተኩል ተጽፎበታል። ሌላው የዕቁባቸው ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሦስት ጊዜ ዕቁብ መክፈል አቅቷቸው ዳኛው እንደታገሷቸው ይታያል። ያላስገባነውን ታኅሣሥ አባባ ራሳቸው ጽፈውት ነበር፤ ሳጥናቸው ውስጥ።

ወንድማችን አንድ ገጽ ጻፈ። ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፤ ምን እንደተወሰነ በሁለት መስመር፤ ምን እንደሚጠየቅ በአንድ መስመር፤ የተያያዙ ማስረጃዎች ሦስት፣ የዱቤ ደብተሩ ኮፒ፣ የዕቁብ ደብተሩ ኮፒ፣ የቤት ኪራይ ደረሰኝ። ያ የእኛ 333,000 ስሌት በጀርባው በአምስት መስመር ገባ፤ «ይህቺማ ታስፈልጋለች» አለ። በሁለት ኮፒ አዘጋጅቶ ለአባባ እንዲህ ብሎ ነገራቸው፦ «አንዱን ያስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈው፣ አስመትተው ይመለሱ። ያ ማኅተም ከሌለ አልሄዱም ማለት ነው።» ማኅተም ይመታል ብለን የቀለድንበት ልጅ!

የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ገባ። ከሳምንት በላይ ተጠብቆ የቅሬታ ኮሚቴው ውሳኔ መጣ፤ የቀን ሽያጩ 1,400 ብር ሆነ። በዓመት 420,000። አባባ ደረጃ «ሐ» ላይ ቀሩ። ከሚገባው አሁንም ይበልጣል፤ ሱቁ ግን አልተዘጋም። አልሐምዱሊላህ አልን፣ እናታችን ጎመንና ሥጋ ሠሩ።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይለን ነበር።

ከአባባ ሱቅ ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ እጣን፣ ሰንደልና ሽቶ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ሳዑዲ ነው። እሳቸውም የተገመቱት በዚያው ሳምንት ነው፤ ረመዷን መግቢያ ላይ እጣን እንዴት እንደሚሸጥ ደግሞ መናገር አያስፈልግም። የግምቱን ወረቀት አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ልጃቸው እስኪደውል ይጠብቁ ነበር፤ ማንበብ አይችሉም። እኛ በእነዚያ ቀናት ፎቶ ኮፒ ቤት ለመሄድ በሱቃቸው በራፍ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እናልፋለን። «እማማ እንደምን አደሩ?» እንላለን። «አልሐምዱሊላህ ልጆቼ» ይላሉ። እናልፋለን።

የአባባ ውሳኔ በመጣ ማግሥት ወንድማችን «የእማማስ?» አለ። ሄዶ ጠየቃቸው። ወረቀቱን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡት። ጊዜው ካለፈ ቀናት ሆኖታል። ያም ሆኖ ጽፎላቸው አብሯቸው ሄደ፤ «አልፏል» ተባሉ። ከመስከረም በፊት ንግድ ፈቃዳቸውን መለሱ። ዛሬ እዚያ ቦታ የሞባይል ከቨር ይሸጣል።

ወንድማችን ሲቆጣ ያየነው ያኔ ብቻ ነው። የተቆጣው በወረዳው ላይ አልነበረም፤ በእኛና በራሱ ነው። «ያው ወረቀት እኮ ነው» አለን። «የሚለወጠው ስሙና ቁጥሩ ብቻ ነበር።» ማታውን እራት አልበላም። እኛም ብዙ የምንለው አልነበረንም።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የመንግሥት ፋይናንስ ኮርስ ስንወስድ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የላፈርን ኩርባ ሣሉ። ግብር ከልክ በላይ ሲጨምር የመንግሥት ገቢ መልሶ ይቀንሳል የሚለው ነው፤ አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት አርተር ላፈር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው። እኛ እጃችንን አውጥተን «ኢብን ኸልዱን ቀድሞ ብሎታል» አልን፤ ይህም እውነት ነው፣ ላፈር ራሱ የሚመሰክረው። ኮርተን ወደ ዶርም ገባን። ወንድማችን ሰምቶን ሲያበቃ «ኢብን ኸልዱን ሥራው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ፈላስፋ፣ ታሪክ ጸሐፊ አልነው። «ቃዲም ነበር» አለ። ካይሮ ላይ የማሊኪ ቃዲ ሆኖ ደጋግሞ ተሹሞ ደጋግሞ የተሻረ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊትም በማግሪብና በአንዳሉስ ቤተ መንግሥቶች በጸሐፊነትና በሹመት ኖሯል። ስለ ግብር የጻፈው ግብር ሲሰበሰብ በዓይኑ ያየ ሰው ሆኖ ነው።

ከዚያ አል መቅሪዚን አነሳልን። የኢብን ኸልዱን ደቀ መዝሙር ነው፤ ስለ ሐበሻ ምድር የሙስሊም ነገሥታት መጽሐፍ ስለጻፈ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የካይሮ ሙሕተሲብም ነበር፤ ሚዛን፣ ዋጋና የገበያ ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠር ሹም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1400ዎቹ መጀመሪያ ግብፅን የመታውን ረሃብ ሲመረምር ሦስት ምክንያት አስቀመጠ። የመዳብ ገንዘብ መብዛቱን፣ የመሬት ኪራይ መናሩን፣ ሹመት በጉቦ መገዛቱን። ሁለቱን እኛ በሰሌዳ ላይ ልንሥላቸው እንችላለን። ሦስተኛውን ግን አል መቅሪዚ መጀመሪያ ላይ ነው ያስቀመጠው። ሹመቱን በገንዘብ የገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያስመልሰው ከገበሬው ነው። ያንን ምሽት ስለ ፓድም የተቀለደ ቀልድ የለም።

እኛው ራሳችን የገጠመን ደግሞ የወለድ ነገር ነው። በማክሮ ኢኮኖሚክስ ቀመር ውስጥ የወለድ ምጣኔ የሌለበት ገጽ የለም። ፈተናው ላይ እናሰላዋለን፣ ኤ እናገኛለን፣ ከዚያ ዙህር ሶላት እንሄዳለን። ስንመረቅ ከሁለታችን አንዱ ባንክ ተቀጥሮ ብድር ክፍል ተመደበ፤ ከዓመት በላይ ልቡ ሳያርፍ ሠራ። ከወለድ ነፃ ባንክ የሚፈልግ ሰው አልነበረምን? ሞልቶ ነበር፤ እናቶቻችን ገንዘባቸውን ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት ለምን ሆነና? በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ፍላጎቱም አቅርቦቱም ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ብሔራዊ ባንክ ለዚህ መመሪያ እንዲያወጣ በር ከፍቷል። በ2004 ዓ.ም. መመሪያ ወጥቶ በመደበኛ ባንኮች መስኮት ብቻ ተፈቀደ። ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም የተፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ዘምዘም ባንክ በሩን የከፈተው በ2013 ዓ.ም.፣ ሒጅራም ተከትሎ። ከአዋጁ እስከ ባንኩ በር 13 ዓመት። እነዚያን ዓመታት የበላው ገበያ አልነበረም፤ መመሪያና ፊርማ ነው። ወንድማችን ያን ሁሉ ጊዜ ሲያነብ የነበረው ስለዚህ ነው ማለት ነው።

ለደወለው ልጅ ግን ወርቅ ነው ብለን አንዋሽም። ወንድማችን ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ አላገኘም፤ አባባ ሱቅ ውስጥ ቴምር ሲመዝን ነበር። ዛሬ ወረዳ ላይ ይሠራል፤ ደመወዙ ባንክ ካለነው ከእኛ ጋር አይወዳደርም፣ ቤት ኪራይ ሲጨምርበት እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ይጨነቃል። ከእሱ ያነሰ የሠራ ሰው በላዩ ሲሾም አይተናል። አንዳንድ ቀን «ምን አለ አካውንቲንግ ደርሶኝ በነበር» ይላል፤ ከልቡ ይሁን አይሁን አናውቅም።

ባለፈው ወር ቢሮው ሄደን ነበር። የባለጉዳይ ወንበር ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ አድርጎ አስቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ወንድማችን የያዙትን ወረቀት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ከቁጥሩና ከቀኑ ጀምሮ ያነብላቸዋል። ሲጨርስ «አባቴ፣ የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው፤ ዓርብ» አላቸው። «ዓርብ» ብለው ደገሙ። እኛ ውጭ ቆመን ጠበቅነው፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር ምሳ ሳንበላ ቀረን።

ለዚያ ልጅ የወንድማችንን ስልክ ቁጥር ልከንለታል። ቅጹ የሚዘጋው ሐሙስ ነው። እስከ ትናንት ማታ አልደወለለትም።